የአዲስ አበባው ሐዲድ ሞቶ የደወሌው ለምን ተረፈ?

ለገሃር ቆማችሁ «አሮጌው ባቡር መቼ ነው ያቆመው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ውይ፣ ድሮ!» ይሏችኋል። ይኸው ጥያቄ ከድሬዳዋ ወዲያ በረሃው ላይ ባሉት ጣቢያዎች፣ አዲጋላ ወይም አይሻ ላይ ቢነሳ ግን መልሱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ባቡሩን ከረሳችው ከዓመታት በኋላም እዚያ ይመጣ ነበር። እየተንፏቀቀ፣ እየተንገጫገጨ፣ አንዳንዴም ከሐዲዱ እየወጣ፣ ግን ይመጣ ነበር።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰው የሚበዛበት፣ እርሻና ፋብሪካ ያለበት በአዲስ አበባ በኩል ያለው ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ የሚሄደው 200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ቁራጭ ግን ሜዳው አሸዋና ድንጋይ፣ ዛፉ ግራር፣ ነዋሪውም ባብዛኛው ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚንቀሳቀስ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር ነው። እና ባቡሩ ሰው ያለበትን ትቶ በረሃው ላይ ተረፈ። ለምን? ይህንን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋ፣ ከዚያም ነጭ አባይ ድረስ ነበር። ወረቀት ምን ይለዋል! ከዚያ በ1897 ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ድንበራቸውን ተዋዋሉ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ ድንበሩና ሐዲዱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ለዚያ አካባቢ ሰው ሁለቱ አብረው ነው የመጡት። ከዚያ በፊት ከብቱን ውሃ ወዳለበት ሲነዳ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር ተሰመረበት፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ የማይታይ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በጅቡቲ በኩል ሸለቆ ለመሻገር ሆልሆል ላይ ወደ 30 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። መሬታችን ላይ ማን ፈቀደላችሁ ያሉ የአካባቢው ሰዎች በሠራተኞቹ ላይ ጥቃት ያደርሱ ነበር፣ ኩባንያውም ውሎ አድሮ ለኢሳ የጎሳ መሪዎች ገንዘብ መክፈል ጀመረ። ሐዲዱ ድንበሩን የነካው በ1900፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ስል ግን ያኔ ከተማ አልነበረችም። ባቡሩ ሊሄድ የታሰበው ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት፣ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፣ መኪና በቀላሉ የሚወጣውን አቀበት ባቡር ዞሮ ዞሮ፣ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከተራራው ሥር 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ተመረጠና «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልያዘም። ድሬ ድሬ ሆና ቀረች።

ባቡሩም እዚያው ቆሞ ቀረ። የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ ደግፎ እጁን ሲያስገባበት ምኒልክ ተቆጡ፣ ከድሬዳዋ በላይ የሚሄደውም ሥራ ተያዘ፣ ኩባንያው በ1907 ከሰረ፣ ከዚያ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ታዲያ በመሃል ባሉት ዓመታት ዕቃ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን የነበረው ድሬ ላይ ነው። መጋዘኑ እዚያ፣ ነጋዴው እዚያ፣ ጉምሩኩ እዚያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወርክሾፑ እዚያ።

ወርክሾፑን አደራ እንዳትረሱት። የጥያቄያችን ግማሽ መልስ እሱ ጋ ነው።

የድሬ ሰው ድርጅቱን እስከ ዛሬ «ሸመንደፈር» ነው የሚለው፣ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ነው፣ ለገሃርም እንደዚያው። የሸመንደፈር ወርክሾፕ ትልቅ ግቢ ነው። ማቅለጫው፣ መዞሪያው (ቶርኖ የምንለው)፣ መበየጃው፣ ሁሉም ነገር እዚያው ነው። መለዋወጫ ከውጭ መምጣት ሲያቆም የድሬ ሠራተኞች የተሰበረውን ብረት እያቀለጡ አዲስ ክፍል ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጊር ይሁን የተበላ ቡሽ፣ አያቶቻቸው የሠሩበት ማሽን ላይ ይወጣል። አሁን አስቡት፤ ባቡሩ ሞተሩ ቢበላሽ ከድሬ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ መካኒኩ ሄዶ ያነሳዋል። ሞጆ ላይ ቢበላሽስ? ሆስፒታሉ አጠገብ የሚኖር በሽተኛ ዕድሜው ይረዝማል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ግማሽ መልስ መንገድ ነው።

ባቡርን የሚገድለው ብዙ ጊዜ አስፋልት ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ መንገድ በመንገድ አደረገን፣ አሰብ ድረስም ወሰደው። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ጭነት ምርጫ ነበረው፣ ባቡር ወይ መኪና። መኪናው መጋዘንህ በር ድረስ ይመጣል፣ ባቡሩ ለገሃር አውርዶልህ ይሄዳል፣ ከዚያ እንደገና መጫን፣ እንደገና ማውረድ፣ ለአሸካሚ መክፈል ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳና አሰብ ሲዘጋ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ በደስታ መፈንደቅ ነበረበት። ግን አልቻለም፣ ደክሟል። ጭነቱን የወሰዱት በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገው ጅቡቲ የሚገቡት ከባድ መኪኖች ናቸው። ያ መንገድ ድሬን አይነካም፣ ደወሌንም አይነካም።

ስለዚህ ከአዋሽ ወዲህ ያለው ሐዲድ ከአስፋልት ጋር ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከድሬ ወዲያ ያለው ግን የሚወዳደረው አስፋልት አልነበረም። የነበረው የጠጠር መንገድ ነው፣ ያውም ጎርፍ ሲመጣ የሚጠፋ። በዚያ ላይ ባቡር እንደፈለገ ይዝግ፣ ከምንም ይሻላል። በ2000ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ–ድሬዳዋው ጉዞ ጨርሶ ሲቆም የድሬ–ደወሌው ለዚህ ነው የተረፈው። እሱም ቢሆን ለጥቂት ዓመታት ተኝቶ በ2013 እንደገና ነው የተነሳው።

እኔ የተሳፈርኩት ያኔ ነው፣ ከተነሳ በኋላ።

ገና ሳይነጋ ነው የተነሳነው። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ሦስት ጆንያ ቲማቲምና አንድ ጆንያ ድንች ይዘዋል። «አሮጊት» እና «ይዘዋል» ያልኩት ለጽሑፉ ብዬ ነው፣ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ አንተ አንቺ ነው የሚባባሉት፣ እኔንም ገና ሳልቀመጥ «ወሪያ፣ እግርህን ሰብስብ!» ብላ ነው የተቀበለችኝ። ስለዚህ እኔም እንደ ሀገሬው «አንቺ» እላታለሁ። ቲማቲሙ ለጅቡቲ ነው። ጅቡቲ ቲማቲምም ሆነ ሽንኩርት የሚበቃውን ያህል አያበቅልም፣ ከሚበላው አትክልት ብዙውን ከእኛ ነው የሚያመጣው። ጫትም እንደዚሁ፣ ጥንት በባቡር ይሄድ ነበር፣ አሁን ሌላ ፈጣን መጓጓዣ አለው፣ ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውም።

ሽንሌን አለፍን። ከዚያ በኋላ ባቡሩ የሚቆምበትን ቦታ መቁጠር አቆምኩ። ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ ጣቢያ የሌለበትም ይቆማል። አንድ ግራር ሥር አራት ሰው ቆሞ አየሁ፣ ሌላ ምንም የለም፣ ቤት የለም፣ ባቡሩ ቀስ አለ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ጆንያ ሩዝ ተወረወረ፣ አንድ ሰው ዘለለ፣ አለቀ። አዲጋላ ስንደርስ ሻይና የግመል ወተት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ሞሉት። በነገራችን ላይ እነዚህ መንደሮች እዚያ የበቀሉት በአጋጣሚ አይደለም። የድሮው የእንፋሎት ባቡር በየተወሰነ ርቀት ውሃ መጠጣት ነበረበት፣ ውሃ ባለበት ጣቢያ ተሠራ፣ ጣቢያ ባለበት ሰው ሰፈረ። ባቡሩ ወደ ናፍጣ ሲዞር ውሃ አላስፈለገውም። መንደሩ ግን ቀርቷል።

ወደ ድሬ ስንመለስ ነው ጉዱ። ያቺ አሮጊት ቲማቲሟን ሸጣ በምትኩ ካልሲ፣ የዱቄት ወተት፣ ፓስታ፣ የልጅ ሱሪ፣ ሰልባጅ ጃኬት ይዛ ተመልሳለች። አንዱን ቀሚስ በሌላው ላይ ደርባ አራት ሆናለች፣ በዚያ ሙቀት! ፈታሾች እንደሚመጡ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ፊናንስ ነው የሚሏቸው። ከመምጣታቸው በፊት ፉርጎውን ዞረችው። «ወሪያ፣ ይህቺን ወተት የኔ ነው በል።» ለእኔ አንድ ቆርቆሮ ወተትና ሁለት ካልሲ፣ ለወታደሩ ጃኬት፣ ለተማሪዋ ሱሪ፣ ለሼኹ ፓስታ። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ወተት ቢይዝ የራሱ ፍጆታ ነው። አሥራ ሁለት ቢይዝ ኮንትሮባንድ ነው። ሕጉ ይኸው ነው፣ እሷም ሕጉን ከጠበቃ በላይ ታውቀዋለች። ድሬ ስንገባ ሳትጽፍ፣ ሳትቆጥር፣ ከሁላችንም ዕቃዋን ለቀመች። አንድም አልጎደለባትም።

እዚህ ጋ ድንበር ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስበው ድንበር አንድ መስመር ነው ብሎ ነው።

ለዚያች ሴት ድንበሩ ደወሌ ላይ ነው። ብር እዚህ፣ የጅቡቲ ፍራንክ እዚያ፣ መሃል ላይ ፈታሽ። ወደቡ ላይ ለወረደ ኮንቴይነር ግን ድንበሩ ደወሌ አይደለም። መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ እንደታሸገ ይነሳና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ቀረጡም ፍተሻውም እዚያ ነው። ይኼ ማለት ድንበሩ ከሳጥኑ ጋር ተጭኖ ሞጆ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ድንበር። ትልቁ ዕቃ ደወሌን ሳያያት ያልፋል፣ ትንሹ ዕቃ ደወሌ ላይ ይራገፋል። ለጠረፍ ነዋሪ ተብሎ የተፈቀደ አነስተኛ የጠረፍ ንግድ አለ፣ ግን በዓይነትና በመጠን የተወሰነ ነው፣ የኑሮ መጠን ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ወደ አዲሱ ባቡር እንምጣ። «አዲስ ባቡር ተሠራ አይደል እንዴ፣ ምን አስለቀሰህ?» የሚለኝ ስለማይጠፋ።

ተሠርቷል። ከሰበታ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቻይናዎች ሠርተውት፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ሆኖ፣ በ2016 በእኛ በኩል፣ በ2017 መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2018 ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። መኪና ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅበትን መንገድ ከግማሽ ቀን ብዙም ሳይርቅ ይጨርሰዋል። አሮጌውን ከ1981 ጀምሮ ኢትዮጵያና ጅቡቲ እኩል ለእኩል ነበር የያዙት፤ የአዲሱ ድርሻ 75 በ25 ነው፣ ትልቁ የእኛ።

ብዙ ሰው አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ላይ የተተካ ይመስለዋል። አይደለም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ርቀት፣ አንድ ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ሜትር። ልዩነቱ አንድ ክንድ አይሞላም፣ ግን ያቺ ክንድ የማትሞላ ነገር ሁሉን ትቀይራለች። ጠባብ ሐዲድ ጋራውን እየተከተለ መጠምዘዝ ይችላል፣ ሥራው ርካሽ ነው፣ ግን ከባድ አይሸከምም፣ መሮጥ አይችልም። ሰፊው ከባድ ይሸከማል፣ ይሮጣል፣ ግን ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጋራውን ይቆርጣል፣ ሸለቆውን ይሞላል። የአንዱ ጎማ በሌላው ላይ አይሄድም። ከድሬ እስከ ድንበሩ ሁለቱ ሐዲዶች አንዳንድ ቦታ እየተቀራረቡ፣ አንዳንድ ቦታ እየተራራቁ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ የትም ላይ ግን አይገናኙም።

ሌላም ነገር አለ። አዲሱ መስመር ከአዳማ ወዲያ አንድ ሐዲድ ብቻ ነው። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ባለው ተጨማሪ ሐዲድ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መቆም የጉዞ ሰሌዳ ያዛባል። «ግራር ሥር አራት ሰው አይቻለሁ፣ እስቲ ልቁም» ብሎ ነገር የለም። ባለ ብዙ ሺህ ቶን ጭነት አቁሞ ማስነሳትም ጊዜና መብራት ይበላል። ሹፌሩ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የጭነት ባቡር ትርፉ ከወደብ እስከ ሞጆና አዲስ አበባ አጠገብ እስካለው እንዶዴ ጣቢያ ሳይቆም በመድረሱ ነው፣ እዳው የሚከፈለውም ከዚያ ነው፣ ከቲማቲም ጆንያ አይደለም።

ይህን እረዳለሁ። ግን ከአዲጋላ ሆናችሁ ስታዩት ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌው መጥፎ ባቡር፣ ጥሩ መንገድ ነበር። አዲሱ ጥሩ ባቡር፣ መጥፎ መንገድ ነው። በረሃውን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አያገለግለውም። በላዩ ላይ ግመል ሲገጭ ጣጣ ነው። ግመል ሐዲድ መሃል መቆም ይወዳል፣ ኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ድምፁ ሳይሰማ ነው የሚደርሰው፣ ሹፌሩ አይቶት እንኳን ፍሬን ቢይዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ተንሸራቶ ነው የሚቆመው። ከዚያ ባለግመሉ ካሳ ይጠይቃል፣ ስንት ይከፈል በሚለው ላይ ክርክር ይነሳል። በዝግታ ይሄድ የነበረው አሮጌው ባቡር ብዙ ጊዜ ጡሩምባውን እየነፋ ግመሉ እስኪነሳ ይጠብቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጠብቀናል።

የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አሮጌው ከዚራ ላይ፣ ከተማው መሃል፣ ከሰፈርህ በእግርህ የምትሄድበት ነበር፤ ጆንያ ያላት ሴት በጋሪ ወይ በባጃጅ ትደርሳለች። አዲሱ ጋ ለመድረስ የባጃጁ ሒሳብ ብቻ የቲማቲሙን ትርፍ ይበላዋል።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። የድሬዳዋ–ደወሌ የክፍያ መንገድ በ2019 ተከፈተ፣ 220 ኪሎ ሜትር፣ ጥሩ መንገድ ነው። አዲስ አበባ በኩል ያለውን ሐዲድ የገደለው ነገር ዘግይቶ እዚህም ደረሰ ማለት ነው። አሁን አይሱዙውም ሚኒባሱም በዚያ ነው።

ባለፈው ድሬ ስሄድ ያቺን አሮጊት ታይዋን ገበያ በር ላይ አገኘኋት። ረስታኝ ነበር፣ የወተቱን ቆርቆሮ ስነግራት ሳቀች። አሁን ደወሌ የምትሄደው በሚኒባስ ነው፣ አራት ሰዓት አይሞላም አለችኝ። «ታዲያ ተገላገልሽ» አልኳት፣ «ያ ባቡር እኮ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚያንገላታሽ።»

«አቦ ተወኝ!» አለች። «ሚኒባስ ላይ ሰው አሥራ ሁለት ነው። ካልሲዬን ማን ይይዝልኛል?»